ሌማት ገላጩ

ከጣሊያን በፊት፣ ዛሬ ፒያሳ የምንለው ሰፈር አራዳ ብቻ ይባል በነበረበት ዘመን፣ እንጀራዬ የሰው ቤት እየገቡ መጠየቅ ነበር። የምጠይቀውም አንድ ነገር ነው፤ «ብድሩን በምን ይመልሱታል?»

ያሠሩኝ የነበሩት ቤትና ቦታ በመያዣ እየተቀበሉ ገንዘብ የሚያበድሩ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ናቸው። ቢሯቸው ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ቁልቁል ሲወርዱ፣ ሰገነት ያለው የእንጨት ቤት ውስጥ ነበር። ሁላችንም «ሙሴ» እንላቸው ነበር። እኔ ከቡልጋ የመጣሁ፣ ዳዊት ደግሜ ቅኔ ቤት ደጃፍ ላይ የቀረሁ፣ ኋላ ከሚሲዮን ትምህርት ቤት ፈረንሳይኛ የለቃቀምኩ ወጣት ነበርኩ። መጀመሪያ የተቀጠርኩት በአስተርጓሚነት ነው። ሰው የቦታውን ወረቀት ይዞ ይመጣል፤ ሙሴ ወረቀቱን ያገላብጣሉ፤ እኔ ወዲያና ወዲህ አስተረጉማለሁ፤ ውል ይጻፋል፤ ገንዘብ ይሰጣል። ተበዳሪው ምን ሠርቶ እንደሚያድር፣ ከየት አምጥቶ እንደሚመልስ የሚጠይቅ አልነበረም። ቤቱ በመያዣነት እስካለ ድረስ ለሙሴ በቂ ነበር።

ይህ የተለወጠው በአንድ ኮርቻ ሰፊ ምክንያት ነው። ሰውየው የአባቱን ተዝካር ለማውጣት ተበድሮ መክፈል አቃተው፤ ተከሰሰ፤ ቤቱ ለሙሴ ተፈረደ። ያለ ክርክር፣ ያለ ስድብ ወጣላቸው። ከወጣ በኋላ ግን ጠዋት ጠዋት እየመጣ ከገዛ ደጁ አጥር ሥር ጋቢውን ተከናንቦ ይቀመጥ ጀመር። አንድ ቃል አይናገርም። ቤቱን ሊገዛ የሚመጣ ሰው ያየዋል፣ «እንደምን አደርክ» ይለዋል፣ ከዚያ በሩን እንኳ ሳያስከፍት ይመለሳል። ክረምት ገባ፤ ግድግዳው መርገፍ ጀመረ፤ ሰውየው ዝናብ ሲመጣ ከባሕር ዛፉ ሥር ይጠጋል፤ ሲያባራ ይመለሳል።

አንድ ቀን ሙሴ በበቅሎ ሲያልፉ ቆመው አዩት። ቢሮ ሲገቡ ባርኔጣቸውን ሳያወልቁ ጠሩኝ።

«ይህ ሰው ገንዘቡን በሰጠነው ቀንም መክፈል አይችልም ነበር» አሉኝ። «ብንጠይቀው ይነግረን ነበር። አልጠየቅነውም።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ደንብ ወጣ። የተበዳሪው ቤት ከብድሩ አሥር እጥፍ ቢያወጣም፣ እኔ ሄጄ የሚከፍልበት ነገር እንዳለው አይቼ ካልመሰከርኩ ሙሴ ገንዘብ አይሰጡም። ሁለተኛም አስጠነቀቁኝ፤ ብድር ከሚፈልግ ሰው ቤት እህል ውኃ እንዳልቀምስ። ኮርቻ ሰፊው በዚያው ክረምት ወደ አገሩ ገባ ተባለ። እኔ ግን በየቤቱ መዞር ጀመርኩ።

መልካም ደንብ ነበር፤ ዛሬም መልካም ነበር እላለሁ። ስንቱን ጎዳና ከመውጣት እንዳዳነ አውቃለሁ። ግን ሰው ምን እንደሚበላ፣ ስንት ልጅ እንዳለው፣ ሸማው የራሱ ይሁን የተዋሰው እየጠየቁ ወዳጅ ማፍራት አይቻልም። አራዳ ደግሞ ስም ለማውጣት አትሰንፍም። ብዙም ሳይቆይ «ሌማት ገላጭ» አሉኝ። እንጀራህን ቆጥሮ የሚሄድ ማለታቸው ነው። ከኋላዬ ነበር የሚሉት፤ ሲቆይ ፊት ለፊቴም ሆነ።

የምኖረው ከራስ መኮንን ድልድይ በታች፣ ወንዙ ሲሞላ የሚሰማባት አንዲት የኪራይ ክፍል ውስጥ ነበር። ማታ ጠጅ ቤት ጎራ ስል ጨዋታው ይቋረጥና ሁሉም ስለ ዝናብ ማውራት ይጀምራል። ብድር የከለከልኩት ሰው ፊቱን ያዞርብኛል። ብድር የሚፈልገው ደግሞ ተነስቶ ቦታ ይለቅልኛል፣ ያሞግሰኛል፤ እሱ ይብስብኝ ነበር። አንድ ፋሲካ ትዝ ይለኛል። የሚጠራኝ አይጠፋም ብዬ ዶሮ ሳልገዛ ቀረሁ። ጎረቤቴ የበሩን መቀርቀሪያ ከውስጥ ሲጥል ሰማሁ፤ ከዚያም ልጆቹ ሲስቁ። ደረቅ ዳቦ በእንቁላል በልቼ ጾሜን ፈታሁና ተኛሁ።

እትዬን ያወቅኳቸው በዚያው ዓመት፣ ከፋሲካ በኋላ ነው። «እትዬ» የምላቸው በልቤ ነው እንጂ ያኔ በአፌ የምጠራቸው «እሜቴ» እያልኩ ነበር። ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ወጣ ብሎ ጠጅ ቤት ያላቸው ባልቴት ናቸው፤ ልጅ አልወለዱም። ረዘም ያሉ፣ ሲናገሩ ነጠላቸውን ደጋግመው ትከሻቸው ላይ የሚያስተካክሉ ሴት ነበሩ። የቦታቸውን ወረቀት በሻሽ ጠቅልለው አምጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«ቤቴን ቆርቆሮ ላልብሰው ነው» አሉ። «ሳሩ አርጅቷል። ሰዉ አሁን ቆርቆሮ ያለበትን፣ ወንበር ያለበትን ይመርጣል። ቆርቆሮ ካለበስኩት ይመለሳል።»

«ቤቱን አይቼ፣ ገበያውን አይቼ ነው የሚፈቀደው፣ እሜቴ።»

«ይምጡ፣ ይዩ። መቼ ነው የሚመጡ?»

«ቅዳሜ» አልኳቸው። ቀኑን መናገር እንደሌለብኝ ገና አልተማርኩም ነበር።

ቅዳሜ ስደርስ ከበሩ በፊት ድምፁ ተቀበለኝ። ቤቱ ጢም ብሏል። መደቡ ላይ ሰው ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግቶ ተቀምጧል፤ ብርሌው ከእጅ እጅ ይዞራል፤ አዝማሪው መሰንቆውን እየገዘገዘ ከአንዱ ወደ አንዱ ይዞራል። እትዬ ፊታቸው ወዝ አውጥቶ፣ ከጋኑ ወደ መደቡ ከመደቡ ወደ ጋኑ ይመላለሳሉ። ስገባ ጨዋታው ይቋረጣል ብዬ ቆሜ ጠበቅኩ። አልተቋረጠም። አንድ ዓይኑ የጠፋ ሽማግሌ ተጠጋልኝና «ና፣ እዚህ ተቀመጥ» አለኝ።

በወጣትነቱ በቅሎ ጫኝ የነበረ ሰው ነው። አገሬን ጠየቀኝ። ስነግረው ጭኑን መታ።

«ያንን ቁልቁለት በቅሎዎቼን ይዤ ስንቴ ወርጄዋለሁ! ከወንዙ ማዶ ኑግ የሚዘራበት ሜዳ አለ አይደል? እዚያ ሜዳ ላይ አንዲት ሴት አጓት አጠጥታኛለች። እናትህ ትሆናለች!»

እናቴ እንዳልሆነች አውቃለሁ፤ ቤታችን ከዚያ ሜዳ ይርቃል። «ትሆናለች» አልኩት። እትዬ ብርዝ ይዘው መጡ። የሙሴን ማስጠንቀቂያ አስቤ እጄን ሰበሰብኩ። ሽማግሌው «ማርና ውኃ ነው፣ አያሰክርህም፣ ጠጣ» አለ። ጠጣሁ። አዝማሪው በእኔ ላይ ግጥም ደረደረ፤ ስሜን ሳይጠራ፣ ሌማት ሲከፈት ስለሚወጣው ሽታ፣ ከሩቅ አሽትቶ ስለሚመጣ እንግዳ ገጠመ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅኩ። አዲስ አበባ ከገባሁ ጀምሮ እንደዚያ ስቄ አላውቅም ነበር። አንድ ሰው ጀርባዬን መታ አደረገኝ፤ ማን እንደሆነ ዞር ብዬ እንኳ አላየሁም።

ሰኞ ለሙሴ «ቤቱ ሰው በሰው ነው፤ ይከፍላሉ» አልኳቸው። ውሉ ለሚቀጥለው ሳምንት እንዲዘጋጅ አዘዙ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሥራ ቀደም ብዬ ጨረስኩ። ማንም አልላከኝም። ቅዳሜን ሳስብ ሰንብቼ ነበር፤ በቅሎ ጫኙ ምናልባት ይኖራል፣ ስለ ቁልቁለቱ ያወራኛል ብዬ ወደ እትዬ ቤት ወረድኩ። ያለ ጊዜው የመጣ ዝናብ ያካፋ ነበር።

ቤቱ ውስጥ ማንም አልነበረም። እትዬ በሩ አጠገብ ዱካ ላይ ተቀምጠው ጌሾ ይለቅማሉ። ጣራው በሁለት ቦታ ያፈሳል፤ አንዱ ሥር ገበቴ፣ ሌላው ሥር እንስራ ተቀምጧል። ብርሌዎቹ ታጥበው፣ አፋቸውን ወደ ታች ተደፍተው ተደርድረዋል። ሲያዩኝ ጌሾው ከእጃቸው ወደቀ።

«ሊይዙኝ መጡ» አሉ።

«አይደለም እሜቴ። ጠጅ ልጠጣ ነው የመጣሁት።»

«ሌማት ገላጭ ጠጅ ሊጠጣ ይመጣል?»

ሰው ናፍቆኝ ነው ማለት አፍሬ ነበር። እሳቸው አንድ ብርሌ አንስተው ቀዱልኝ፤ ፊቴ አስቀምጠው ተመልሰው ተቀመጡ።

«እንግዲህ አይተዋል» አሉ። «ምን እደብቅዎታለሁ። የቅዳሜዎቹን ሁሉንም እኔ ነኝ የጠራኋቸው። ቤት ለቤት ዞሬ። ጠጁ በነጻ ነበር። አዝማሪውንም በራት ነው ያመጣሁት።»

«በቅሎ ጫኙንም?»

«እሱንም። ከጊዮርጊስ ደጅ ተቀምጦ የሚለምን ሽማግሌ ነው።» ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ባለቤቴ በሕይወት እያለ ቤቱ ሁልጊዜ እንደዚያ ነበር። ቅዳሜ ማታ ሲበተኑ፣ መቼም ጠጁን አይተውት የለ፣ ነገ ይመጣሉ ብዬ ብርሌ አጥቤ ጠበቅኩ። እሑድ አንድ ሰው አልመጣም። ሰኞም። እንደምን ሰነበትሽ የሚለኝም አልነበረ።»

እኔም ያን ቀን ጀርባዬን የመታኝን ሰው አሰብኩ። ጠጁ ጥሩ ነበር። የዝናቡ ጠብታ ገበቴው ላይ ሲያርፍ ይሰማል።

«በእውነቱ ማን ይመጣል?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

ነገሩኝ፤ አልደበቁም። ገበያ ሲውል ሁለት ሦስት ተሸካሚ ይመጣል። የባላቸው የድሮ ጓደኛ አልፎ አልፎ ብቅ ይላል፤ ሒሳብ አይከፍልም፣ እሳቸውም አይጠይቁትም። ማር ተወዷል። አብረን አሰብነው። ከማሩና ከጌሾው የሚተርፈው የእሳቸውን ራት ይችል እንደሆነ ነው እንጂ ወለድ የሚከፍል አይደለም፣ ዋናውን ብድርማ ይቅርና።

«ቆርቆሮው ሰውን ይመልስልኛል እኮ» አሉ።

«ባይመልስስ እሜቴ? ቤቱ ይሄዳል።»

«ይሂዳ! ብቻዬን የምዞርበት ቤት ምን ያደርግልኛል?»

«በዳኛ ፊት መቆም አለ። ባለ ዕዳ ሆኖ ከአበዳሪ ጋር መቆራኘት አለ። አራዳ ላይ በየቀኑ ያዩ የለም?» እውነቴን ነበር። ያኔ ባለ ዕዳና ባለ ገንዘብ ነጠላ ለነጠላ ተቋጥረው፣ አንዳንዴም በሰንሰለት፣ ዳኛ እስኪያያቸው አብረው ሲዞሩ ማየት የዘወትር ነገር ነው።

ሳቁ። የደረቀ ሳቅ ነበር። «የሚቆራኘኝ ሰው ካገኘሁማ ቢያንስ የማወራው አላጣም።»

ብርሌውን ሳልጨርስ አስቀመጥኩና እንደ ቢሮ ሰው፣ ደረቅ አድርጌ «እውነቱን ለሙሴ መናገር አለብኝ» አልኩ።

ያን ጊዜ ተነሱ። «ውጣ!» አሉኝ። «ውጣ ከቤቴ! አንተ ምን ታውቃለህ? ተቀምጠህ ሳቅህ፣ ብርዜን ጠጣህ። ሌላው እንኳ ጠጥቶ ዝም ብሎ ሄደ። ውጣ!»

ወጣሁ። ዝናቡ እስኪያባራ እንኳ አልጠበቅኩም።

በማግስቱ ለሙሴ እንደማይከፍሉ ነገርኳቸው። ሰኞ ያልኩትን አስታወሱኝና «ሐሙስ ማን ላከህ?» አሉ።

«ማንም።»

«ታዲያ ለምን ሄድክ?»

ሙሴ መነጽራቸውን አውልቀው ቆይተው አዩኝ። እሳቸውም ሚስታቸውን ቀብረው ከመጡ ዓመታት ሆኗቸው ነበር፤ ከቢሮው በላይ ባለው ሰገነት ብቻቸውን ነው የሚበሉት። ሌላ ሳይጠይቁ ውሉን ቀደው ጣሉት።

ከዚያ በኋላ እትዬ ወደ ሌላ አበዳሪ መሄዳቸውን ከደላሎች ሰማሁ። ምንም የማይጠይቅ ባለጸጋ ነበር። የሰው ገበያም ገቢም አያጣራም፤ የሚያበድረው በወለድ አገድ ነው። ይህ ነገር ሲሰሙት የዋህ ይመስላል፤ ወለድ አይከፈልም። ልሂድና ጣጣውን ልንገራቸው ብዬ ሁለት ጊዜ እስከ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ሄጄ ተመለስኩ። ያባረረኝ ሰው በር ላይ ደግሞ መቆም ከበደኝ።

ኋላ ግን እሳቸው ራሳቸው መጡ። ቢሮ አልገቡም፤ ደረጃው ሥር ቆመው አስጠሩኝ።

«ባለጸጋው ብድሩን ከፈለግሽ እሑድ ዕቃሽን አውጪ አለኝ» አሉ፣ ሰላምታ ሳያስቀድሙ። «ለምንድን ነው ዕቃዬን የማወጣው? ወለድ የለውም ብሎኝ ነበር።»

«ወለዱ ቤቱ ራሱ ነው እሜቴ። ገንዘቡን እስኪመልሱ ድረስ ቤቱን እሱ ይይዛል፤ ይኖርበታል፣ ያከራየዋል።»

«እኔስ?»

«እርስዎ ይወጣሉ።»

«ታዲያ ቆርቆሮውን የማለብሰው ለእሱ ነው?»

«ለእሱ ነው።»

ደረጃው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። በቅሎዎች ያልፋሉ፣ ተሸካሚዎች «ዞር በሉ» እያሉ ያልፋሉ። ጎናቸው መቀመጥ ፈለግኩ፤ ግን ቆሜ ቀረሁ። ጥቂት ቆይተው ተነሱና መንገዱን ተሻግረው ሄዱ። ከባለጸጋው ጋር የጀመሩትን ነገር እንደተዉት በማግስቱ ደላሎቹ ነገሩኝ፤ ኮሚሽናቸው ስለቀረባቸው እኔን ይረግሙኝ ነበር።

በዚያው ሰሞን አንድ ከጉራጌ አገር የመጣ ነጋዴ ሱቅ የሚሆን ቤት ሊገዛ ብድር ጠየቀ። እንደ ደንቡ ሄጄ ንግዱን አየሁ። አቡጀዲና ጨው ይሸጣል፤ ሚስቱና አራት ልጆቹ አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ታጭቀዋል፤ ሽያጩ ግን ጥሩ ነበር። ይከፍላል ብዬ መመስከር እችል ነበር። ይልቅስ ከቤቱ ስወጣ «ለምን ትበደራለህ?» አልኩት። «በሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ በኩል አንዲት ባልቴት ሰፊ ቤት አላቸው። ጣራው ያፈሳል። ተከራይተህ አድሰው፤ ወጪውን ከኪራዩ አሳስብ።»

ሙሴ ይህን ሲሰሙ ገበያቸውን እንዳሳጣኋቸው እየነገሩኝ ሳቁ።

ነጋዴው ተስማማ። የፊተኛውን ቤት ተከራየ፤ ቆርቆሮውን ከኪሱ አልብሶ ከኪራዩ እንዲቀነስለት ተዋዋሉ። እትዬ በጓሮ ወደነበረው ማድ ቤት ተዛወሩ። ጋኖቹን ሸጡ። ሰው ተሰብስቦ ይጠጣበት የነበረው መደብ ፈርሶ በቦታው የጨው ጆንያ ተደረደረ። የነጋዴው ልጆች ሲፈልጉ ጓሮ፣ ሲፈልጉ ሱቅ ይሯሯጡ ጀመር። ትንሿ ልጅ ቀኑን ሙሉ ከእትዬ እግር ሥር አትጠፋም፤ እናቷ ስትጠራት እንኳ አትሰማም ይባል ነበር።

ለመስቀል ልጠይቃቸው ሄድኩ። ጥቂት ስኳር ይዣለሁ። ነጋዴውን ማን እንደላከው አውቀው ነበር፤ አመሰገኑኝ፣ አጎዛ አነጠፉልኝ፣ ቆሎ አቀረቡልኝ። «ይብሉ» አሉኝ። «እናትዎ ደኅና ናቸው? ይጻፉላቸዋል?» አሉኝ። ለትልቅ ሰው የሚባለውን ሁሉ አሉኝ። ባባረሩኝ ቀን «አንተ» እንዳሉኝ ዳግመኛ ይሉኝ እንደሆነ ሳዳምጥ ቆየሁ። አላሉኝም። ስለዚያ ቅዳሜም አንዳችን አላነሳንም። ትንሿ ልጅ እጃቸውን ይዛ ስትጎትታቸው ተነሱ፤ እኔም ተነሳሁ። ሌላም ጊዜ ሄጃለሁ፣ ለገናና ለትንሣኤ። ሁልጊዜ በአክብሮት ተቀብለውኛል፤ ደግመው ይምጡ ብለውኝ ግን አያውቁም።

ሙሴ ዕድሜያቸው ገፍቶ ወደ አገራቸው ሲመለሱ አበዳሪው ቤት ተዘጋ። እኔ ጉምሩክ ገባሁ።

እትዬ ያረፉት ጣሊያን ከመግባቱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ነው። የሰማሁት ዘግይቼ ስለነበር ቀብሩ አመለጠኝ፤ ድንኳኑ ላይ ደረስኩ። በአዲሱ ቆርቆሮ ቤት ፊት ለፊት ተተክሏል። የነጋዴው ሚስት ነጠላዋን አዘቅዝቃ እንደ ዘመድ ከሐዘንተኞቹ መካከል ተቀምጣለች፤ ልጆቹ ዓይናቸው አብጦ ነበር። ከመግቢያው አጠገብ ቦታ ያዝኩ። የሚያስተናግደው የሰፈሩ ሽማግሌ ንፍሮ ይዞ መጣና ጎንበስ አለ።

«የሟች ምን ነዎት?»

ወደ ነጋዴው ሚስት አየሁ።

«የማውቃቸው ነኝ» አልኩ።

«እግዜር ያጽናዎት» አለና ንፍሮውን እጄ ላይ አድርጎልኝ ወደሚቀጥለው ሰው አለፈ። ንፍሮው ገና ትኩስ ነበር። ሰዉ እየተነሳ፣ እያጽናና ሲሄድ እኔ ተቀመጥኩ። የነጋዴው ሚስት አንድ ጊዜ ቀና ብላ አየችኝ፤ ማን መሆኔን ያወቀች አልመሰለኝም። አግዳሚዎቹን መሰብሰብ ሲጀምሩ ተነስቼ፣ መንገዱን ይዤ ወደ ክፍሌ ወረድኩ።